የአባቴ እጅ አልነበረም

ባለፈው ጥር ለታላቅ ወንድሜ ለሰይድ ልጅ ሠርግ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ፣ አክስት ከፊት ካልተቀመጠች ብለው እጄን ይዘው ሙሽሪትን ከምታጅበው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። በሩን ሳልከፍት ነው ያወቅኳት። የአባቴ ላንድሮቨር ናት። ዛሬ ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ ኮፋኖዋ ላይ ጥብጣብና የላስቲክ አበባ ተጎንጉኖላት፣ በሠርግና በፎቶ የምትተዳደር እመቤት ሆናለች። ማማሩ ግን ከውጭ ብቻ ነው። ገብቼ በሩን ስስበው ያ የድሮው ሽታ ከወንበሩ ሥር ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ቤንዚን፣ ግራሶ፣ ዝናብ የጠጣ ሸራ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ስትጭነው የኖረችው የበግ ቆዳ። ሌላ ሰው ቢሆን እንባ እንባ ይለው ነበር። የኔ ደሜ ነው የፈላው።

የሚነዳት ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ጎረምሳ ነበር። ከከተማው ወጣ ብለን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ «እቴ ሉባባ፣ ይችን የመሰለች መኪና እኮ የለችም። በሁለት ጣት ነው የምትነዳው፤ ወላሂ!» አለና መሪውን በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ አሳየኝ። ጉድጓድ ገባች፣ ድንጋይ ረገጠች፣ ፍሬን ተያዘባት፤ ወይ ፍንክች። ማሻአላህ ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ልጁም መኪናዋን የናቅኩበት መስሎት ቅር አለው። ምን ብዬ ላስረዳው? ይህች መኪና መንገዷን ሳትስት በሄደች ቁጥር አባቴ አንድ ጊዜ እንደገና ይዋረዳል ብዬ ልንገረው? በሠርግ መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

አባቴን መካነ ሰላም የሚያውቀው «ሹፌር ይመር» ብሎ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲነዳት የኖረችውን ላንድሮቨር፣ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በሐራጅ ሲያወጣት፣ ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠት አልሆንልህ ብሎት ገዛት። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ሰው፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ በግ፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛትን ሴት ጭኖ በመካነ ሰላምና በአቀስታ መካከል ሲመላለስ ኖረ። ያኔ መንገዱ መንገድ የሚባለው ሌላ ስም ስላልወጣለት ነው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ድንጋይ። አባቴ ግን ድንጋዮቹን በየስማቸው የሚያውቃቸው ይመስል ነበር። የትኛውን በግራ ጎማ እንደሚረግጥ፣ የትኛውን መሀል አድርጎ እንደሚያልፍ፣ ከየትኛው ጋር እንደማይቀልድ ያውቃል። አውራ ጣቶቹን ከመሪው ውጭ ነበር የሚያሳርፋቸው፤ ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ መሪው ተወርውሮ ጣት እንደሚሰብር በጓደኞቹ አይቷል። የቀሩትን ጣቶች ላላ አድርጎ፣ የታመመ ልጅ ክንድ እንደያዘ ሰው ነው መሪውን የሚይዘው። አቀስታ ስንደርስ፣ ያ የለጋምቦ ደጋ ብርድ አጥንት ሲሰረስር፣ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ ኮፋኖዋን ያለብሳት ነበር። እናቴ «እኔ በርዶኝ ቢሆን ኖሮ ንፋሱ ይበጅሻል ነበር የሚለኝ» እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደብቆ ያልሰማ ይመስላል።

እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ ቦታዬ ከፊት፣ በአባቴና በሌላው ተሳፋሪ መካከል ነው፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እጀታው ጉልበቴን እየነካኝ፣ ከሥሬ የሞተሩ ሙቀት እግሬን እየጠበሰኝ፣ ከላይ ደግሞ ከሸራው ቀዳዳ የሚገባው ብርድ ጆሮዬን እየቆነጠጠኝ። አባቴ ሲነዳ ብዙ አያወራም። አንዳንዴ ብቻ ድንገት «ስሚያት እስቲ፣ ምን እያለች ነው?» ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። «የኋላው በር ቡሎን ላልቷል» ወይም «አንዱ ጎማ ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል» እላለሁ። ካገኘሁት ከኪሱ የተቆላ ባቄላ ያወጣና እፍኝ ሙሉ ይሰጠኛል፤ ካላገኘሁት ራሱ እየበላ ይነግረኛል። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤትም በሥራም ስንት ነገር ተማርኩ፤ የሰማሁትን ነገር ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ እንዳላልፍ ያስተማረኝ ግን ያ ባቄላ ነው። ያን ጊዜ ደስተኛ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ሁሉም ልጅ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሰይድ ከጅዳ መጣ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው የመጣው። ያን ጊዜ ከዐረብ አገር የመጣ ሰው ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ላለ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። በሁሉም ነገር ላይ ትክክል ነበር። የእናቴ ወጥ ዘይት እንደበዛበት፣ የአባቴ ራስ ምታት ከደም ብዛት እንደሆነ፣ የጎረቤታችን ላም ለምን እንደከሳች ይናገራል፤ ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማዋል። ላቡን አፍስሶ የሣር ጣራችንን በቆርቆሮ የለወጠልን እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። በረሃ ለሚያቋርጡ ሰዎች መኪና ከፍ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ዘንድ የጉልበት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ምን እንደሚያደርጉ አይቷል፤ ለምን እንደሚያደርጉት ግን የጠየቀ አይመስለኝም። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ «አባ፣ ይች መኪና ሆዷ መሬት እየላሰ ነው እኮ። አንቱ አርፋችሁ ቁጭ በሉ፤ እኔ ከፍ አደርግላችኋለሁ» አለ። አባቴ መኪናዋን አየ፣ ልጁን አየ፣ «ኸይር» አለ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መካነ ሰላም ውስጥ የተሰበረ ብረት ሁሉ በእጁ የሚያልፈው በያጁ ጌታቸው መሣሪያውን ተሸክሞ ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር መጣ። መኪናን የሚሸከሙት ተደራርበው የሚታሰሩ የብረት ቅጠሎች፣ ባሌስትራ የሚባሉት፣ ከፊት ተፈትተው፣ ከተጣለ የጭነት መኪና የመጡ ወፍራም ቅጠሎች ተጨመሩባቸው፤ ማንጠልጠያዎቻቸው እንዲረዝሙ ተደረገ፤ ሰይድ በሻንጣው ያመጣቸው ንዝረት የሚያበርዱ አሞርዛተሮችም ተገጠሙ። ክሪኩ ሲወርድ መኪናዋ አብራ አልወረደችም፤ ከስንዝር በላይ ከፍ እንዳለች ቀረች። ልጆች አጨበጨቡ። የሰፈሩ ሰው «አሁን ገና መኪና ሆነች» አለ። እናቴ ልትሳፈር ብትሞክር እግሯ አልደርስ ብሎ በርጩማ መጣላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማው የመኪናዋ ዕቃ ሆኖ ከኋላ ይጫን ጀመር።

አባቴ ዙሪያዋን ዞሮ አየና «ረዘመች» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ልጅ በስደት ለፍቶ ያመጣውን ነገር በኛ አገር እጅ ዘርግተው አልሐምዱሊላህ ብለው ይቀበሉታል እንጂ አይመረምሩትም። ሸሚዙ ቢጠብም ይለበሳል፤ ሰዓቱ ባይሠራም ይታሰራል፤ ሽቶው ራስ ቢያዞርም ለጁምዓ ይቀባል። እንዲህ ያለው ይሉኝታ ለሸሚዝና ለሽቶ ምንም አይደለም። ለመኪና መሪ ሲሆን ግን ሰው ይገድላል፤ ይህን ስል ዛሬም እጄ ይጨበጣል።

በመጀመሪያው ጉዞ የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ መኪናዋ ሰው ከጎን የገፋት ያህል ወደ ቀኝ ዘለለች። አባቴ መለሳት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ እንደገና ወደ ቀኝ። መለሳት። እነዚያ ላላ ብለው የኖሩ ጣቶች ነጭ እስኪሆኑ ጠበቁ። አቀስታ ስንደርስ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። በዚያ ቀን «ስሚያት እስቲ» አላለኝም፤ ከዚያ በኋላም ብሎኝ አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት የገበያ ቀን ቁልቁለቱ ላይ በጎች ፊታችን ገቡ፤ አባቴ ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋም ከነተሳፋሪዋ በቀኝ በኩል ካለው ቦይ ገብታ ጋደል ብላ ቆመች። የተጎዳ ሰው የለም፤ የተሰበረው የአንዲት እናት የዕንቁላል ቅርጫት ብቻ ነው። ሴትዮዋ ቀሚሷ በአስኳል ቢጫ ሆኖ፣ «ይመር፣ ምን ነካህ? ዓይንህ ነው እጅህ?» አለችው። ከቦይ ያወጡን ሰዎች ሳቁ። አባቴም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ መካነ ሰላም ገባ፤ የሹፌር ይመር እጅ ደከመ ተባለ። ሰይድ መኪናዋን ወሰደና በገበያው ዙሪያ፣ ሜዳው ላይ፣ ቀስ እያለ ነድቷት ተመለሰ። «እኔ ስነዳት ምንም የላትም» አለ። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ማን አይነዳም!

እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ እጁን ሳይ ነው ያደግኩት። እጁ የደከመ ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይስታል። መኪናዋ የምትስተው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፤ ያውም ጎማዋ ወደ ላይ በተገፋ ወይም ፍሬን ተይዞ ፊቷ በተደፋ ቁጥር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀሚሴን ሰብስቤ ከሥሯ ገባሁ። የመሪውን እንቅስቃሴ ለጎማው የሚያደርስ አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ጌታቸው ቲራንቲ ይለዋል። አንዱ ጫፉ ከመኪናዋ አካል በተንጠለጠለ የብረት ክንድ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ጎማው ላይ ይታሰራል። ጭቃ ስጠርግለት ስለኖርኩ አውቀዋለሁ፤ ድሮ እንደ መደርደሪያ አግድም የተኛ ነበር። አሁን የመኪናዋ አካል ከፍ ሲል ክንዱም አብሮ ከፍ ብሏል፤ ጎማው ግን ያው መሬት ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ዱላ ዘሟል። የተደገፈን ዱላ ከላይ ብትጫኑት ታችኛው ጫፉ ይሸሻል፤ መሬት ላይ የተኛውን ግን አንዱን ጫፍ በጣት ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ሌላው ጫፍ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ነገሩ ይኸው ነው። ዘንጉ አግድም ሳለ ጎማው ቢወጣ ቢወርድ ምንም አይለውም ነበር፤ ከዘመመ በኋላ ግን ጎማው በወጣ ቁጥር ይገፋዋል፣ የተገፋ ጎማም ይዞራል፤ መሪውን ማንም ይያዘው ማን።

ለማረጋገጥ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ የፊት መከላከያዋ ላይ አወጣኋቸውና ዝለሉ አልኳቸው። ከዚያ የተሻለ ትእዛዝ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። እነሱ ሲዘሉ እኔ በመስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም፤ መሪው ግን ልጆቹ በዘለሉ ቁጥር በራሱ ዞር፣ መለስ፣ ዞር፣ መለስ ይላል፤ እምቢ እንደሚል ሰው ራስ። ደስታዬን አልችለውም ነበር። የአባቴን ስም ከቦይ ያወጣሁት መሰለኝ።

ሰይድ ዘንጉን ለማየት ጎንበስ እንኳ አላለም። «ጅዳ ስንት መኪና በዚህ እጄ እንዳነሣሁ ታውቂያለሽ? አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ገብተሽ መሐንዲስ ሆንሽብኝ?» አለ። ጌታቸው ጋ ሄድኩ፤ አንገቱን አከከና «ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን በይድ የተባልሁትን ነው የበየድሁት» አለኝ። በመጨረሻ የዘመመውን ዘንግና ክንዱ ቢረዝም እንዴት እንደሚቀና ለአባቴ በእርሳስ ሥዬ አሳየሁት። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አየው። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝና እጁን ራሴ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ልጄ፣ ጠማማ ያልሆነች መኪና የለችም፤ የሚያቀናት እጅ ነው። እጄ ይለምዳታል፤ አብሽሪ። ይህን ግን ወንድምሽ አይስማብሽ፤ ለኔ ብሎ ነው የለፋው» አለ። በአባቴ ላይ የተናደድኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

እጁ አልለመዳትም። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ደግማ ቦይ ገባች፤ ምጥ የያዛት ሴት ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሌላ መኪና መጠበቅ ጀመሩ። ያኔ ሰይድና እናቴ ተመካክረው በአባቴ እጅ ጉዳይ ወዳጃ ጠሩ። ወዳጃ ማለት በኛ አገር ነገር ሲከብድ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። የአካባቢው ታላቅ ሼህ ሙሄ መጡ፤ ቤቱ ሞላ። እጁን ዓይን በልቶታል ተባለ። ሼህ ሙሄ የአባቴን ሁለት እጆች በእጆቻቸው ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ መዳፎቹ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት፤ ቤት ሙሉ ሰው አሚን አለ። ጌታቸው ክርስቲያን ነው፤ እንደ አገሩ ልማድ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ከሁሉም ጋር አሚን ይል ነበር፤ እሱ እንኳ፣ ዘንጉን የሚያውቀው ሰው! ዱዓው ጥፋት የለበትም፤ ሰው ለሰው መለመኑ ምን ይወጣለታል። አድራሻው ነበር የተሳሳተው። ያ ሁሉ ሽማግሌ እጅ ላይ ሲጸልይ፣ ዐሥር እርምጃ ርቃ ከደጅ በቆመችው መኪና ሥር አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። «እጁ አይደለም! ዘንጉ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ሼህ ሙሄ ፈገግ አሉና፣ «አባቷን ወዳ ነው። አላህ ያሳድግሽ፣ ለወግ ማዕረግ ያብቃሽ» አሉኝ፤ ቤት ሙሉ ሰውም አሚን አለልኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ እመልስላቸው ነበር። ምርቃት ግን ከአሚን ሌላ ምን መልስ አለው? እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

በመጋረጃው ክፍተት የቀረውን አየሁ። ሼህ ሙሄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይመር፣ ከእንግዲህ ማረፍ ነው። ልጅህ ደርሷል፤ ቁልፉን ስጠው» አሉት። አባቴ ከሰደርያው ኪስ ቁልፉን አወጣ። እጁ ሲንቀጠቀጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቁልፉ ቀለበቱ ላይ እየተንኳኳ። ሁሉም አየ፤ ሁሉም በልቡ «ይኸው» አለ። ያን እጅ ያንቀጠቀጡት ራሳቸው መሆናቸውን ያሰበ አልነበረም።

ሰይድ መኪናዋን በያዘ በአምስተኛው ቀን ያንኑ ቁልቁለት በአባቴ ፍጥነት ወረደ፤ በቀኝ በኩል ካለው የድንጋይ ካብ ጋርም ተላተመ። ብቻውን ነበር፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ተፈነከተ። ለሰው ሁሉ «አህያ ገባችብኝ» አለ። አህያዋን ያየ ሰው የለም፤ ያልረገማት ግን አልነበረም። ዓይንህ ነው እጅህ ብሎ ሰይድን የጠየቀው ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን መከላከያዋን ላሠራ ብሎ ከጌታቸው ጋር አቀስታ ወሰዳት። ስትመለስ ከሥሯ ገባሁ። አጭሩን ክንድ አውጥተው ከጭነት መኪና የተገኘ ረዘም ያለ ክንድ ገጥመዋል፤ ጫፉ ወደ ታች ስለወረደ ዘንጉ እንደ ድሮው አግድም ተኝቷል። በባሌስትራውና ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል መካከል እንደ ሽብልቅ የተሞረዱ ብረቶች ገብተዋል፤ ማንጠልጠያው በመርዘሙ የተዛባውን የጎማ አቋም የሚያቀኑ፣ ከመታጠፊያ በኋላ መሪው በራሱ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርጉ ናቸው። ሥራው ጥሩ ነበር። ጥሩ በመሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። በእርሳስ ከሣልኩት አንድ ነገር አልጎደለም፤ ሽብልቁንማ እኔም አላሰብኩትም።

ሰይድ ዛሬ ለአባቴ ይነግረዋል ብዬ ጠበቅኩ። ምሳ ላይ ሰይድ ስለ ዝናብ አወራ። በማግስቱ ስለ ጅዳ ሙቀት አወራ። በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ብቻውን ስላገኘሁት ጠየቅኩት። «ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለኝ። «ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ዱዓ ተደርጎበት፣ ቁልፍ ተሰጥቶበት፣ አሁን ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነበር ልበል? ደሞስ አባ አርጅተዋል፤ ይረፉበት።» ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «አንቺም መስከረም ደሴ ልትገቢ ነው፤ ትምህርትሽን አስቢ» አለኝ። ደሴ ከፍሎ የሚያስተምረኝ እሱ ነበር። አልዛተብኝም፤ መዛት አላስፈለገውም። ዝም አልኩ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ዘጠኙንም እጁ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ። የሞተው በእጁ ታሞ አይደለም፤ በሳንባ ነው። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት በረንዳ ላይ ተቀምጦ በሚያልፉት መኪናዎች ድምፅ ፈጃቸው። ሻይ ሲሰጡት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዝ ጀመር፤ የማይንቀጠቀጥ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ እየጠበቀ። ሹፌር ይመር የሚለው ስም ቀስ እያለ ጠፋና የሰይድ አባት ተባለ። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ከደጃችን ጠባብ መንገድ ላይ መውጫ አጥቶ፣ «ጋሼ፣ የድሮ ሹፌር ናችሁ አሉኝ፤ እስቲ አንዴ ወደ ኋላ አውጡልኝ» ሲለው፣ እጁን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ «እጄ አይሆንም፣ ልጄ» አለው። ከጎኑ ቆሜ ነበር። በመጀመሪያ ዝም ያልኩት ትምህርቴን ፈርቼ ነው፤ ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ ነው?» የሚለኝን ፈርቼ። በሰይድ እናደዳለሁ፣ በሽማግሌዎቹ እናደዳለሁ፣ በጌታቸው አሚን እናደዳለሁ። ከሁሉም ግን ዝምታውን የበለጠ ያውቁበት የነበሩት የኔ ሁለት ከንፈሮች ናቸው።

በሠርጉ ዕለት ሰይድ እንግዶቹን መኪናዋ ዘንድ ወስዶ፣ በአዲስ ልብሱ በርከክ ብሎ፣ ያን ረጅም ክንድ በጣቱ ያሳያቸው ነበር። «እንዲህ ከፍ ያለች መኪና መሪዋ ያስቸግራል። ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው፤ በራሴ አእምሮ ነው ያገኘሁት» ይላል። አባት ሲሞት፣ ተደብቆ የኖረው ነገር ሙያ ሆኖ ወጣ። እንግዶቹ አደነቁለት። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ አንድ ያለፈ ቀን አስብ ነበር።

ከኮሌጅ በተመረቅኩበት ዓመት ሰይድ እኔንና አባቴን ከአቀስታ በዚያችው መኪና ይዞን ሲመለስ ነው። አባቴ ከፊት፣ በተሳፋሪ ወንበር፤ እኔ ከኋላ። አባቴ መንገዱን አያይም ነበር፤ የሚያየው የሰይድን እጆች ነው። ያ ቁልቁለት መጣ። ድንጋዩ መጣ። ሰይድ ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋም መስመሯን ሳትለቅ ወረደች። አባቴ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ የኮራ ሰው ፊት ነበር።

«አየሽ ልጄ፣» አለኝ፣ «አንቺ ለኔ አዝነሽ ዘንጉ ነው ስትዪ ነበር። ይኸው ያችው መኪና ናት። የኔ እጅ ነበር የከዳኝ፤ የወንድምሽ እጅ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እጅ ነው።»

ሰይድ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። መካነ ሰላም ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ነበረን፤ ለመናገር ጊዜ አላነሰኝም።

«አዎ፣ አባ» አልኩት።